ያቺን ብሎን አትንካት

«ያቺን ብሎን ዳግመኛ ብትነካት፣ ጣትህን ፈትቼ በሷ ቦታ ነው የማስረው፣ ሰምተሃል!»

ሰምቷል። እሱ ብቻም አይደል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ሰምቶ መዶሻውን አየር ላይ አቁሟል። እትዬ ፍሬን ስትቆጣ ድምጿ በር አያንኳኳም፣ ዘው ነው የሚለው። ስሙን ያወጡላት መንዳት የምታስተምራቸው ተማሪዎቿ ናቸው። ከጎናቸው ተቀምጣ፣ ገና መታጠፊያው ሳይደርስ «ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን አልኩ እኮ፣ እግርህ ተኝቷል እንዴ?» ስትል ስለምትውል፣ አሁን በሰፈሩ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ባሏ ብቻ ነው። እሱም ሲፈራት «እመቤቴ» ይላታል። ብዙ ጊዜ ይፈራታል።

የተቆጣችው በታናሽ ወንድሟ ነው። ግማሽ አካሉ በመኪናዋ ኮፈን ስር ገብቷል፤ ውጪ የቀረው በቅባት የጠቆረ ቱታና ሁለት እግር ብቻ ነው። ሙያው መካኒክ፣ ቅጽል ስሙ ካቻቢቴ። የሚዞር ነገር አይቶ ሳያዞር ማለፍ አይችልማ። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ የበሩን ማጠፊያ አጥብቆ ይመለሳል። አንዴ የጎረቤት መነጽር «ላልቷል» ብሎ ሲያጠብቅ ለሁለት ከፍሎታል።

«እታለም፣ ትንሽ ከፍ ላድርጋት ነው እኮ» አለ ከኮፈኑ ስር። «ሩብ ዙር ብቻ።»

«ሩብ ሩብ እያልክ ከረምክ። ትናንት ከፍ አደረግካት፤ ልብስ ሰፊዋ ተማሪዬ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ብትለቅ፣ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘላ አጥር ልትስም ነበር። ዛሬ ዝቅ አደረግካት፤ ሞተች። ወይ መዝለል ወይ መሞት። መሃል ላይ መኖር የሚባል ነገር የለም?»

«ዕድሜዋ ነው። አንቺም በሷ ዕድሜ ብትሆኚ...»

«ጨርሰው።»

ጭንቅላቱን ይበልጥ ወደ ኮፈኑ ስር ሰደደ።

መኪናዋ ነጭ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ስሟም አሮጊቷ ነው። ስትነዳ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ቶሎ ትግላለች፤ እሱስ ይሁን፣ ሥራ ነው። ዋናው ጉዷ ስትቆም ነው። እግር ከቤንዚኑ ፔዳል ላይ ሲነሳ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ መቆየት አለበት። መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። የአሮጊቷ ሚኒሞ ግን ሳል የያዘው ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣ ነው፦ «ድብ-ድብ-ድብ... እህ... ድብ... ጥፍ... ድብ-ድብ... እህህህ» ትልና ጭጭ። ያቺ ካቻቢቴ የሚወዳት ትንሽ ብሎን የሚኒሞ ብሎን ናት። ስትጠብቅ ሞተሩ ይሮጣል፣ ስትላላ ይሞታል። በሽታውን ግን አትነካውም።

ነገሩ ቀልድ ቢሆን ጥሩ ነበር። የእትዬ ፍሬን የመንጃ ትምህርት ቤት ማለት ይቺው አንድ መኪና ናት። ሌላ ክፍል የለው፣ ሌላ ወንበር የለው። በየዓመቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ መኪናዋን አይቶ ፈቃዱን ያድሳል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ሰውየው የራሱ ልማድ አለው፤ መሣሪያ አያምንም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስመጣና ሞተሩ እንደተነሳ ኮፈኑ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ባለፈው ብርጭቆው ቀጠሮ እንደረፈደበት ሰው ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ከኮፈኑ ጫፍ ወርዶ ጫማው ላይ ተከሰከሰ። አሮጊቷም ከሐፍረት ይሁን ከድንጋጤ እዛው ሞተች። ተቆጣጣሪው ካልሲውን አራገፈና በአፍንጫው፣ እያንዳንዱን ቃል በሚዛን እንደሚሸጥ ሰው፣ «አንድ። ዕድል። አለሽ» አላት። «የዛሬ ሳምንት። ከሰዓት። ያኔም ከሞተች፣ ፈቃዱ። ይሰረዛል። ሰሌዳው። ይፈታል።»

የዛሬ ሳምንቱ ዛሬ ነው።

«እኔስ ሁለቴ የመንጃ ፈተና የወደቅኩት በማን ሆነና?» አለ ካቻቢቴ፣ አሁን ከኮፈኑ ስር ወጥቶ። አዎ፣ መካኒክ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። የሰው መኪና ፈቶ ይገጥማል፤ ከጋራዥ የሚያወጣለት ግን ባለመኪናው ነው። «ሁለቴም በሷ ተፈተንኩ፣ ሁለቴም ዳገት ላይ ሞተችብኝ። እግሬ ምን አደረገ?»

«እግርህ ነው የገደላት። ፍሪሲዮን የምትለቀው የጋለ ብረት እንደረገጠ ሰው ነው።»

«መኪናዋ ጤነኛ ብትሆን አንደኛ ነበር የምወጣው።»

እትዬ ፍሬን መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ይሄን ስታደርግ የሚያውቃት ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

«በል እንወራረድ። በሽታዋን ዛሬ እኔው ራሴ አገኛለሁ። ካገኘሁ፣ ተቆጣጣሪው እንደሄደ ከበራችን እስከ ዳገቱ ጫፍ አንተ ትነዳታለህ። መሃል ዳገት ላይ ቆመህ መነሳት አለብህ። ከሞተችብህ ‹ለማጅ› የሚለውን ሰሌዳ ጀርባህ ላይ አንጠልጥለህ ጋራዥህ ትውላለህ። ደንበኞችህ ሁሉ ያንብቡት።»

«ካልሞተችብኝስ?»

«‹ወንድሜ ልክ ነበር› የሚል ሰሌዳ አጽፌ ኮፈኑ ላይ አስሬ እነዳለሁ።»

«ማን ይጽፈዋል?»

«በቀጭኑ ፊደል ነው በወፍራሙ?» አለ አንድ ድምፅ ከግቢው ጥግ።

ባሏ ነው። ጋሽ ብሩሽ። ሙያው የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ነው፤ ዛፉ ስር አግዳሚ ላይ የቀለም ቆርቆሮዎቹን ደርድሮ ይውላል። ጠብ ሲነሳ አይገባም። አንዳንዴ ብሩሹን አፉ ላይ እንደያዘ አንድ ቃል ወርወር አድርጎ ወደ ፊደሉ ይመለሳል።

እትዬ ፍሬን መካኒክ አይደለችም። ወጣት ሳለች ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ሽቦ እየነቀለች እየሰካች፣ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ስትል ወጣትነቷ አለፈ። የትኛው መስመር ዝናብ እንደገባው፣ የትኛው ደዋይ ሊዋሽ ትንፋሹን እንደሰበሰበ በጆሮዋ ትለያለች። ኋላ በራሱ የሚያገናኝ ማሽን መጣና እሷና ማዳመጫዋ ተለያዩ። አሮጊቷን የገዛቻት ያኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሷ ግን ሥጋ ዘመዷ ነው።

«እስቲ ሳትዋሽ ንገረኝ፣ ምን ምን ነካህ?» አለችው።

«ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። ገመዶቹን ቀየርኩ። ፑንቲናውን ቀየርኩ። ካርቡራተሩን አጠብኩ። አንቺን ብቻ ነው ያልቀየርኩት።»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። አስነሳት።»

አሮጊቷ እያሳለች ተነሳች። እትዬ ፍሬን ቁራጭ የአትክልት ጎማ አመጣችና አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ደቀነች፤ በሌላኛው ጫፍ በየቧንቧው መጋጠሚያ ላይ እየዞረች አዳመጠች። ሞተር የማይገባውን አየር በቀዳዳ ከሳበ ያፏጫል። ፊቷን አጨማዳ ብዙ ቆየች።

«የሚያፏጭ የለም» አለች። «አሁን የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ ባንድ ንቀል፣ መልስ።»

ካቻቢቴ በደረቅ ጨርቅ ይዞ የመጀመሪያውን ነቀለ። ሞተሩ ወገቡን እንደተመታ ዝቅ አለ። መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፤ እንደዚያው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም እኩል።

«ከአራቱ አንዱ ሰነፍ ቢሆን ሲነቀል ለውጥ አይኖርም ነበር» አለች። «የማይሠራ ሰው ቢቀር ማን ያውቅበታል? እነዚህ ግን አራቱም እየሠሩ ነው፤ አራቱም እኩል ደክሟቸዋል። ስለዚህ በሽታው የአንዱ አይደለም፣ የሚያዛቸው ነው። እሳቱ ከሰዓቱ ዘግይቶ እየመጣ ነው። ፒስተኑ ወጥቶ መመለስ ሲጀምር ነው የሚተኩሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ካቻቢቴ ሳቀ። እዚህ ላይ እርግጠኛ ነበር።

«እሱን ተይው እታለም። እሱ በመብራት ነው የተስተካከለው።»

መብራቱን አወጣ። ፑንቲናውን፣ የእሳቱን ማቋረጫ፣ የቀየረ ሰሞን የገዛት ናት፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ጥርስ ወርቅ ነው የሚይዛት። ሞተሩ እሳት በተኮሰ ቁጥር እሷም ብልጭ ትላለች። ከሞተሩ ፊት ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ነጭ መስመር፣ ከጎኑ ደሞ ሞተሩ ላይ የተመታ ጠቋሚ አለ። በብልጭታው ነጩ መስመር ጠቋሚው ፊት ቆሞ ከታየ፣ እሳቱ ሰዓቱን ጠብቋል ማለት ነው።

አበራው። ብረቱ በፍጥነት እየዞረ፣ መስመሯ ግን ጠቋሚው ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እይው። መብራት አይዋሽም።»

«መብራትህን አጥፋልኝ» አለች። ዓይኗንም ጨፈነች።

ዲስትሪቢውተሩን፣ ለአራቱም ካንዴላ እሳት በየተራ የሚያድለውን፣ ማሰሪያውን አስለቀቀችው። በጨርቅ ይዛ፣ ስልክ ቤት ሽቦ ስታቀና እንደነበረው፣ ዝግ ብላ ወደ አንድ ወገን ገፋ አደረገችው። «ድብ... ድብ-ድብ... ድብድብድብ...» አለች አሮጊቷ። ትንሽ ገፋች። «ድድድድ...» ትንሽ ደገመች። «ርርርርርርር።»

ሳሉ ጠፋ። መስታወቱ ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረው ሰማይ ቆመ። ጋሽ ብሩሽ ከፊደሉ ቀና ብሎ «ጠፋች?» አለ።

ካቻቢቴ ግን መብራቱን አብርቶ ጎንበስ እንዳለ ክው ብሎ ቀረ። መስመሯ ጠቋሚው ፊት የለችም። ሸሽታለች፣ ሦስት ጣት ያህል ርቃለች።

«መልሺው» አለ። «እታለም ሙች፣ መልሺው። አሁን በጣም ቀድሞ ነው የሚተኩሰው። እንዲህ ዳገት ብትወጣ ፒስተኑን ትበላዋለች። ተቆጣጣሪው ቢያልፋት እንኳ ነገ ሞተር የለሽም።»

የምሩን ነው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ቆሟል። እትዬ ፍሬንም ይሄን አየች። እጇን ሳታነሳ አሰበች። ፈቃዱን ዛሬ አግኝታ ሞተሩን ነገ ብትቀብር ምን ይረባታል?

«ጆሮዬ አንድ ይላል፣ መብራትህ ሌላ ይላል» አለች። «ሁለት ምስክር ከተጣላ አንዱ ውሸታም ነው። ሞተሩን አጥፋና የመጀመሪያውን ካንዴላ ፍታ።» ከዚያ ወደ ዛፉ ዞረች። «ረጅሙን ብሩሽህን አምጣ።»

«ብሩሽን ለሞተር?» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ቀለም የሚያውቅ እጅ...»

«መያዣውን ነው የምፈልገው፣ ጸጉሩን አይደለም።»

ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ላይ አውራ ጣቷን ደፈነች። ካቻቢቴ ሞተሩን በቁልፍ በእጁ ያዞር ጀመር። ቡፍ፣ አየሩ ጣቷን ገፋው። ፒስተኑ እየወጣ ነው። ቶሎ ብላ የብሩሹን መያዣ በቀዳዳው ሰደደች። መያዣው ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ቆመ። ትንሽ ቢያዞሩት መውረድ ሲጀምር ወደ ኋላ መለሱት። አሁን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ መሄጃ የለውም።

«በል፣ መስመርህ የት ናት?»

ጠቋሚው ፊት መሆን ነበረባት። አልነበረችም። ሦስት ጣት ወደ ኋላ ቀርታለች።

እትዬ ፍሬን ጎንበስ ብላ፣ መስመሯን ትታ፣ ጠቋሚው ፊት ያለውን ባዶ ጥቁር ብረት በጥፍሯ ፋቀችው። ጥቁሩ ቀለም ቅርፍት ቅርፍት እያለ ተነሳ። ከስሩ ብረቱ ላይ የተቆረጠች ትንሽ ጭረት ብቅ አለች፤ ውስጧ ያረጀ ነጭ ነገር ቀርቷል።

ያኔ ሁለቱም ወደዚያችኛዋ መስመር ተመለሱ። ስታዩዋት ቆንጆ ናት። ጫፎቿ እኩል፣ ስፋቷ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ግራና ቀኟ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥላ ሳይቀር አላት። ጥላ ያለው የሞተር መስመር የሚሠራ ፋብሪካ የለም።

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ዛፉ ዞሩ።

ጋሽ ብሩሽ ንጹሕ ብሩሽ እያጠበ ነበር።

«እመቤቴ» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ያኔ ቺንጋው ሲቀየር... ብረቷ ዝጋ አየኋት። ፈቃድሽን ያሳደስሽ ሰሞን ነበር፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንዲሆን ብዬ... ጥቁር ቀባኋት። አንዲት ነጭ ነገር ነበረባት፤ እሷ ቀለሙ ስር ጠፋች። ከፋኝ። መለስኳት።»

«የት መለስካት?»

«እዛው... አካባቢ።»

«አካባቢ?»

«ለዓይን ሚዛን የምትጠብቅበት ቦታ።»

ካቻቢቴ ሊስቅ ሲል ተያዘ። «አንተ ምን ያስቅሃል?» አለችው። «መብራት ከመግዛትህ በፊት እሳቱን በጆሮህ ነበር የምታቀናው፤ ደህና ነበረች። መብራቱን ገዝተህ በመስመሯ ካቀናኻት ጀምሮ ነው የታመመችው። እሱ በቀለም ዋሸ፣ አንተ በመብራት መሰከርክለት።»

ካቻቢቴ መብራቱን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለ። ጋሽ ብሩሽም የሚመጣውን ጩኸት ለመቀበል ዓይኑን ጨፈነ። ጩኸቱ ግን አልመጣም። እትዬ ፍሬን ኮፈኑን ተደግፋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ለዓይን ሚዛን» አለች በባሏ ድምፅ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ የሌለ ብሩሽ አፏ ላይ ይዛ። «እዛው... አካባቢ።» ጫማ ጠጋኙም ከመንገድ ማዶ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ ሳቀ።

ከዚያ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ባሏን በእጁ ይዛ ሞተሩ ፊት አቆመችው።

«ያቺን አጥፋ። እንደሷው አሳምረህ እዚህ ጭረት ላይ ሥራልኝ። ጥላዋን እንዳትረሳ።»

ትንፋሹን ይዞ ሠራት። ቀለሙ ሲደርቅ ካንዴላው ተመለሰ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ካቻቢቴ መብራቱን ይዞ እሳቱን ከጫፉ ትንሽ ቀደም እንዲል አድርጎ አቀናው። የእህቱ ጆሮ ያቆመበት ቦታና የመብራቱ ቦታ የብሩሽ ጸጉር አይለያያቸውም። ሳሉ ይጥፋ እንጂ ሞተሩ አሁን ከልኩ በላይ ይሮጣል፤ ሲከምር የኖረው ሩብ ሩብ ዙር ሁሉ አለበታ።

«በል፣ አሁን ንካት» አለችው።

ካቻቢቴ ጣቶቹን አየ፣ እሷን አየ።

«ብሎኗን ነው የምልህ። ተፈቅዶልሃል።»

ቀስ ብሎ አላላት። ሞተሩ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ ወደ ሞት ሳይሆን ወደ እንቅልፍ። የጠገበች ድመት።

ተቆጣጣሪው ከሰዓት መጣ። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ከኮፈኑም ራቅ ብሎ ነው የቆመው። «ውሃ» አለ። እትዬ ፍሬን ብርጭቆውን አፉ ድረስ ሞልታ፣ አንድ ጠብታ ቢጨመር የሚፈስ አድርጋ፣ ራሷ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። ተቆጣጣሪው እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ውሃውን አየ። ሰዓቱን አየ። እንደገና ውሃውን አየ።

«እመቤት። ሥራ። አለብኝ» አለ በአፍንጫው። «ሞተሩን። አስነሺው።»

«ተነስቷል፣ ጌታዬ።»

የተቆጣጣሪው ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። ቀረብ አለና መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጣል አደረገ። ጆሮውን ወደ ጭስ ማውጫው አዘነበለ። እትዬ ፍሬን መቀነቷን ላላ አደረገች። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንድትሞት ጠበቃት። አልሞተችም። መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን አነሳ፣ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው፣ ባዶውን ለጋሽ ብሩሽ ሰጠው፣ ፈቃዱ ላይ ማህተሙን ጠቅ አደረገ።

«ማን። ሠራት?» አለ።

«ሦስት ሆነን ነው ያበላሸናት» አለች እትዬ ፍሬን። «የሠራኋት ግን እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው ጥግ ዞሮ ከመጥፋቱ ልብስ ሰፊዋ «ነገ ተራዬ መቼ ነው?» ብላ ደወለች፤ ወሬ እግር የለውም ያለው ማነው? እትዬ ፍሬን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስልኩን ዘጋችና የመኪናዋን ቁልፍ ለወንድሟ ወረወረችለት።

«እንግዲህ ጤነኛ ናት» አለችው። «ሰበብ አለቀ።»

«እታለም፣ ዛሬ ደክሞኛል እኮ።»

«እግርህ ነው የደከመው አፍህ?»

ካቻቢቴ ገባ። ወንበሩን አስተካከለ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ የመስኮቱን እጀታ ብሎን ላልታ ስላገኛት አጠበቃት። እትዬ ፍሬን ዛሬ ከጎኑ አልተቀመጠችም፤ ውርርዱ ብቻውን ነው። በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ባሏም ከጎኗ፣ በእያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ ሰሌዳ ይዞ። አንዱ «ለማጅ» ይላል። ሌላው «ወንድሜ ልክ ነበር» ይላል። ሁለቱም ቀለማቸው አልደረቀም፤ ሁለቱም ጥላ አላቸው።

አሮጊቷ ተንቀሳቀሰች። ዳገቱን ተያያዘችው፣ ሳታቃስት። መሃሉ ላይ ስትደርስ የኋላዋ ቀይ መብራት በራ፤ ቆመች። ሞተሩ ከሩቅ «ርርርር» ይላል።

«የትኛውን ትያለሽ?» አለ ጋሽ ብሩሽ በሹክሹክታ። «አንደኛውን ላናፍሰው፣ እንዲደርቅ።»

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑ፣ የጋለ ብረት እንደረገጠ ሰው ሳይሆን፣ ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ።